ጠመንጃ ላይ የሚወጣው ሐረግ

በአሜሪካ የሚኖሩ አንድ አንባቢ የመጀመሪያ ጠመንጃቸውን በቅርጽ ሊያስጌጡ ንድፍ ይዘዋል። ጥያቄያቸው «እየተጠማዘዘ የሚሄደውን ጌጥ ስክሮል ልበለው፣ ጥቅልል ወይስ ሐረግ? ሥራውስ መቅረጽ ነው መንቀስ?» የሚል ነው።

ሐረግ ይበሉት፤ በሐመሩ ሐ። በግእዝ ሐረግ እየተጠመጠመ የሚወጣ ተክል ነው። አዞ ሐረግና ሐረግ ሬሳ ስሙን ዛሬም ይዘውታል። የብራና ጸሐፊዎቻችን በገጹ ራስጌ የሚጠላለፈውን ጌጥ በዚሁ ስም ጠሩት፤ የዘር ቆጠራም ሰዋስውም ተዋሱት። «ሐረግ የብራና ነው፤ ብረት ላይ ጥቅልል ይባል» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ጥቅልልማ ምንጣፍም ይሆናል፤ አያድግም፣ ቀንበጥም አያወጣም። «ስክሮል» የእንግሊዝኛው ስም ነው፤ በስልኩ በኩል ገብቶ የሁሉም አፍ ለምዶታል፤ ሌላ ሰው ቢለው አይከራከሩት።

ንድፍ የሚበላሸውም ተክልነቱ ሲዘነጋ ነው። የሚጌጠውን ገጽ ልክ ወስደው ሦስት እጥፍ አጉልተው ይሣሉ። አስቀድመው ክቦች ያስቀምጡ፤ ትልቁን በሰፊው ቦታ፣ ትንንሾቹን በጠባቡ ጥግ። በየክቡ ውስጥ ግንዱን ብቻ ያዙሩ፤ ወደ መሀል በገባ ቁጥር ክፍተቱ ሳይዘል እየጠበበ ይሂድ። ግንዱ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ካለ ወይም ክርን ካወጣ ስንት ቅጠል ቢደርቡበት አይደበቅም። ቀጣዩ ሐረግ ከቀዳሚው ግንድ ይወለድና በተቃራኒው ይዙር። ቀንበጡ ግንዱን ታክኮ፣ ወደሚያድግበት ጋደል ብሎ ይለይ፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ የተለጠፈ ይመስላል። ቅጠሉ ሲያልቅ በቅጠሎቹ መካከል የቀረውን መደብ በእርሳስ ያጥቁሩ፤ ጥቁሩ አንዱ ጋ ተከምሮ ሌላው ጋ ከሳሳ ንድፉ ገና ነው። ወደ ልኩ ሲያሳንሱት መስመሮቹ ከተነካኩም ቅጠል ይቀንሱ።

የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ፐርዲ ደቃቅ ሐረግን ከጽጌረዳ ጋር ያጣምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኒውዮርክ ላይ የሠራው ቀራጺ ኒምሽኬ ግን ሐረጉን ሰፊ፣ ቅጠሉን ጎላ አድርጎ ነጥብ በሞላው መደብ ላይ ያወጣው ነበር። ለጀማሪ የኒምሽኬ ይሻላል፤ ደቃቁ ላይ የተሳተ መስመር ማረሚያ ቦታ የለውም።

ጠመንጃውን ከመንካትዎ በፊት ያንኑ ንድፍ በለስላሳ ብረት ሳህን ላይ ደጋግመው ይቅረጹ። ጫፉ በ120 ዲግሪ የተሳለ መቅረጫ ለሐረግ ይመቻል። ከጫፉ ሥር ያለችው ተረከዝ ግን አጭር ትሁን፤ ከረዘመች ጠባብ ኩርባ ላይ የመስመሩን የውጭ ጠርዝ እየፋቀች ታበላሸዋለች። ላዩ የጠነከረ ብረት የመቅረጫውን ጫፍ ይሰብራል፤ ብረቱን ማለስለስና መልሶ ማጠንከር የጠመንጃ ሠሪ ሥራ ነው። መለያ ቁጥሩ አጠገብ ምንም አይሥሩ።

ግሱ ቀረጸ ነው፤ በጸሎቱ ጸ። በፀሐዩ ፀ የሚጽፉት በዝተዋል፤ ቅርጽ፣ ቅርጻ ቅርጽ ሁሉ ከአንድ ሥር መሆናቸውን እያወቁ። ባለሙያውን ደግሞ ቀራጺ እንጂ ቀራጭ አይበሉት፤ ቀራጭ ሲባል እኔ የማስበው ግብር ሰብሳቢውን ማቴዎስን ነው። ቀረጸ ድምፅና ምስል መቅዳትም ሆኗል። አልወደድኩትም፤ ግን ከእንግዲህ ማን ይመልሰዋል?

ነቀሰ የድድና የአንገት ነው፣ ብረት አይነካም ይላሉ። የዐረብኛው ነቀሸ ድንጋዩንም ብረቱንም ይቀርጻል፤ ዝምድና ቢኖራቸው አይገርመኝም። በአማርኛ ብረት ነቀሰ ሲባል አላነበብኩም፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን በቅጠሎቹ መካከል ያለውን መደብ በሹል ብረት ጠቅ ጠቅ እያደረጉ በነጥብ ሲሞሉት፣ ያንን ክፍል ብቻ መንቀስ ይበሉት። ማስረጃዬ ጆሮዬ ነው።