ዘንቢሉን በሩ ላይ ስቀይው

ከኮምቦልቻ የጻፍሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ቤቴን ለአካባቢ የሚስማማ ማድረግ ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ። ነገሩ ገንዘብ አይፈጅም ወይ? አማቴ ደግሞ ሳወራላቸው ይስቁብኛል» ነው ያልሽው። አብሽሪ። እኔም እዚህ ደሴ፣ አራት አባወራ በሚኖርበት ግቢ፣ ስምንት ዓመት ስሞክር ብዙ ተስቆብኛል። አንዳንዱ ሳቅ ደግሞ ይገባኝ ነበር።

መጀመሪያ ምንም ነገር አትግዢ። እኔ በግዢ ነው የጀመርኩት። ሦስት ባለ ቀለም ባልዲ ገዛሁ። አንዱ ለፕላስቲክ፣ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለምግብ ትራፊ። በሳምንቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች መጥተው ሦስቱንም አንድ ጆንያ ውስጥ ገለበጡት። ቆሜ አየሁ። በወሩ አንዱ ባልዲ የልብስ መዘፍዘፊያ ሆኖ ቀረ።

ይልቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ቤትሽ የሚጥለውን ዝም ብለሽ እዪ። ፌስታሉ ዓይን ውስጥ ይገባል እንጂ ክብደት የለውም። የኛን ጆንያ የሚያከብደው የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ አመድ ነበር። በርጫ ባለበት ቀን ደግሞ ገራባ፣ የጫቱ ትራፊ። ገራባውን አሁን ፍየል ላላት ጎረቤቴ እሰጣለሁ። እሷ ደግሞ በበዓል ወተት ታቀምሰናለች።

የቀረው እርጥብ ነገር ብስባሽ ይሆናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው እዚህ ጋ ነውና። እኔ አሮጌ በርሜል ታቹን በስቼ፣ ጓሮ አስቀምጬ፣ ልጣጩን እየደፋሁ ከደንኩት። ክረምት ነበር። ሐምሌ ሲጋመስ ግቢው በመጥፎ ጠረን ታወደ፣ ትሉም በክዳኑ ወጣ። አንዲት ጎረቤታችን እናት «ልጄ፣ አይጥ ሞቶብሽ ይሆናል፣ እስቲ ፈልጊው» አሉኝ። አፍሬ በሌሊት ቆፍሬ ቀበርኩት።

ጥፋቴ እርጥቡን ብቻ መክተቴ ነው። አየር ካላገኘ ይሸታል። አንድ እፍኝ ልጣጭ ከጣልሽ ሁለት እፍኝ ደረቅ ነገር ጣይበት። የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ያገኘሽውን። በየአስር ቀኑ በእንጨት ገልብጪው። ልኩን ለማወቅ ጨብጠሽ ጭመቂው። ውሃው በጣትሽ መካከል ከፈሰሰ ጭድ ጨምሪ፣ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፊ። ሥጋና ቅባት አይገባም፣ ውሻና አይጥ ይጠራል። አመድም ቆንጠር ብቻ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ያዘገየዋል፣ የኔ ስድስት ወር ይፈጃል። አንቺ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለሽ ሙቀት ላይ ነሽ፣ ቀድሞ ይደርስልሻል። ሲደርስ ዝናብ የነካው አፈር ነው የሚሸተው። ቆስጣዬ ላይ ያየሁትን ለውጥ አልነግርሽም፣ ጉራ ይመስላል።

ስለ መብራት ሁሉም «አምፖል አጥፉ» ይላል። ይጥፋ። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ባለ 9 ዋት አምፖል ከ300 በላይ አንድ ላይ እንደማብራት ቁጠሪው። ስለዚህ ትልቁ ነገር አጋገሩ ላይ ነው። ዛሬ አምስት ነገ አምስት ከመጋገር፣ በሳምንት ሁለቴ አንድ ላይ ጨርሺው፤ ምጣዱን ማሞቁ ነው የሚበላው። እኔ የመጨረሻዋን እንጀራ የማወጣት ሶኬቱን ከነቀልኩ በኋላ ነው። በሚቀረው ግለት በርበሬ ይደርቅበታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ «ምርጥ» የሚሉት የሲሚንቶ ምድጃ አለኝ። እሳቱን ዙሪያውን አፍኖ ስለሚይዝ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የጭሱን ነገር ዓይኔ ይመስክር። ባቄላና ሽንብራ ማታ መዘፍዘፍ፣ ሻይ አንዴ አፍልቶ ፔርሙዝ ውስጥ መክተት፣ እነዚህን ታውቂያቸዋለሽ።

ውሃ። ቆርቆሮሽ አሸንዳ ካለው ሀብታም ነሽ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ወደ 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ጀሪካን። የባከነው ተቀንሶም ሰልፍ ያስቀራል። የመጀመሪያውን ዝናብ አስወጪው፣ የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ይመጣል። ለልብስና ለጽዳት እንጂ እንዲሁ አትጠጪው። አንቺ ጋ ወባ ስላለ ክዳኑን አጥብቂ።

ወደ ፌስታል ልምጣ። በ1999 የወጣው አዋጅ ስሱን ፌስታል ከልክሎት ነበር፣ በ2017 የወጣው ደግሞ ጠበቅ አድርጎታል። እኔ ግን በአዋጅ አይደለም የተውኩት፣ በሚስማር ነው። ዘንቢል ነበረኝ፣ ሁልጊዜ እረሳዋለሁ፣ ገበያ ደርሼ ፌስታል እቀበላለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ የውጭ በሩ ጀርባ ላይ፣ ልክ ቁልፍ በማዞርበት ቁመት፣ ሚስማር መታልኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ራሱ ያነሳዋል። ለሥጋ ክዳን ያለው ሳህን እይዛለሁ። ሥጋ ሻጩ መጀመሪያ «ምሳ ልቋጥርልሽ?» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። አሁን ሳህኑን መዝኖ ይቀንስና ዝም ብሎ ይሞላልኛል። ሃይላንድና የተሰበረ ጀሪካን ለቆራሌው አስቀምጪ። ግቢ ውስጥ ፕላስቲክ የሚያቃጥል ካለ ግን ተጣዪ። በጠዋት ያ ጭስ የሕፃን ሳንባ ውስጥ ሲገባ ዝም አይባልም። ቢጣልም ያው ነው፣ በክረምት ቦይ ደፍኖ፣ የቦርከና ወንዝ ይዞት ወዳንቺው ይወርዳል። ይቅርታ፣ እኛ ከላይ ነን።

አሁን ወደ አማትሽ። እኔም አማቴን «እማማ፣ ከአሁን በኋላ ለአካባቢ ተስማሚ ኑሮ ነው የምንኖረው» ብዬ ገለጻ ሰጥቻቸዋለሁ። ኩታበር ነው ያደጉት። ድስት በአመድ የፈተጉ፣ ውሃ በቅል የጠጡ፣ ልጣጭ ለበግ እንጂ ለጋሪ ሰጥተው የማያውቁ ሴት። እስክጨርስ ሰሙኝና «ይሄማ ድሮ ስሙ ድህነት ነበር» አሉኝ። ሳቁ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ገለጻውን ትቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ጭዱን ከየት ላምጣ? አመዱ በዛ ወይ? የቅሉ አፍ እንዴት ይቆረጣል? በርሜሉን አሁን እሳቸው ናቸው የሚገለብጡት፣ እኔ ስነካው ይቆጣሉ።

ባለፈው ዓመት ቅሬያችን፣ ማለትም ዕድራችን፣ ለለቅሶ የሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ መግዛት ጀምሮ ነበር፤ «ማን ያጥባል» ተብሎ። መጋዘኑ ውስጥ የቅሬው የብረት ኩባያ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ አቧራ ይጠጣል። አማቴ ስብሰባ ላይ ተነስተው «ወጣቶቹ ድንኳን ተክለው ሲያበቁ እጃቸው ባዶ ነው» አሉ። ጉርምርምታ ነበር፣ ግን ጸደቀ። አሁን ኩባያውን ቆጥረው የሚያስረክቡትም የሚረከቡትም እሳቸው ናቸው። አንድ ከጎደለ ድንኳኑ አይነቀልም።