ክብሪቱን የቀማሁት እኔ ነኝ

ባለፈው ሳምንት ገና የተመረቀች ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሣር ማቃጠል ተፈጥሮን ማጥፋት አይደል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አንድ ሰው ትዝ አሉኝ።

1976 ዓ.ም. ነው። ሲዳሞ ክፍለ ሀገር፣ ነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ። ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም። ግጦሽ ማቃጠል ተከልክሏል፤ እኔም «አስተምር፣ ተቆጣጠር» ተብዬ ነው የሄድኩት። በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ሽማግሌ ሣር ሊለኩሱ ሲሉ ደረስኩባቸው። ክብሪቱን ከእጃቸው ቀማሁ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ሣር ነቀሉና አፍንጫዬ ሥር አመጡት። ታችኛው ወገን ግራጫ ሆኖ ደርቋል፤ መዥገር ይሄድበታል። «ይህን ላም ትበላዋለች?» አሉ በአስተርጓሚ። ከዚያ ከሣሩ መሃል ብቅ ያለች፣ ጉልበቴ የማትደርስ ግራር አሳዩኝ። «ከዚህ የምታባርረን እሷ ናት።»

«አባት፣ ዛፍ እኮ ጥሩ ነው» አልኳቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሣር የሚያቆጠቁጠው ከመሬቱ ሥር ነው። እሳት ላዩን ቢበላው ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ለጋ ግራር ግን ይነዳል። እሳቱ ሲቀር ቁጥቋጦው ሜዳውን ወረሰው፤ ከሥሩ ያለው ሣር ሳሳ። አሁን ለኩሱ ቢባል እንኳ በብዙ ቦታ እሳት የሚያስኬድ ሣር የለም። በዚያ ላይ እርሻው መጣ፣ የከብቱ መዞሪያ ጠበበ። የሊበን ላርክ የምትባል ቡናማ ወፍ አለች። ጎጆዋን ሣር ውስጥ መሬት ላይ ነው የምትሠራው። ዛሬ በዓለም ለመጥፋት ጫፍ ከደረሱት ወፎች አንዷ ናት።

እናንተ አዲስ ተመራቂዎች ድሮን ታበራላችሁ፣ የሳተላይት ካርታ ታወጣላችሁ፤ ከመኪና ግን አትወርዱም። «እናንተስ ወርዳችሁ ምን ፈየዳችሁ?» ብትሉኝ መልስ የለኝም። ሽማግሌ ያለውን ሁሉ ተቀበሉም አልልም። ያለጊዜው የተለቀቀ እሳት በረት ከነጥጃው ሲበላ አይቻለሁ። ግን ክልከላ ከመጻፋችሁ በፊት «ለምን ታቃጥላላችሁ?» በሉ። ቦረናዎች ካሎ የሚሉትን፣ ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚከለለውን ግጦሽም ሄዳችሁ እዩ። ሊበን ላይ ሣሩን ለመመለስ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ እሱ ነው።

ከ20 ዓመት በላይ ቆይቼ በዚያ በኩል አለፍኩ። ቦታውን ፈልጌ አጣሁት። ጎማችን በእሾህ ሁለቴ ተበሳ። ሾፌሩ ላቡን እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት እዚህ መጥተው ያውቃሉ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።