ነሐሴን በኦሾግቦ፦ ስለ ዮሩባ አገር የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ናይጄሪያ፣ ሌጎስ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ዮሩባ በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ቋንቋውም በዚያው ስም ይጠራል። ባለፈው ሳምንት “የዮሩባን በዓል ማየት፣ ከተማቸውንም መዞር የምታስቡ ካላችሁ ጠይቁኝ” ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ለአንድ በዓል ብቻ ነው ገንዘብም ፈቃድም ያለኝ። የቱን ልይ?

የኦሹንን። ኦሹን በስሟ የሚጠራው ወንዝ አምላክ ናት። በዓሏ ኦሾግቦ ከተማ ነው የሚከበረው፤ ከሌጎስ 200 ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ዋናው ቀን ብዙ ጊዜ ከቡሄ ቀደም ብሎ ይውላል፤ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጥህ በፊት አረጋግጥ።

መጀመሪያ ከተማዋን የማንጻት ሥርዓት አለ። ቀጥሎ 16 አፍ ያለው ጥንታዊ መብራት ይለኮሳል። የቀደሙት ነገሥታት ዘውዶች ወጥተው ይባረካሉ። በመጨረሻው ቀን አሩግባ ትወጣለች። “ቅል ተሸካሚዋ” እንደማለት ነው። ከንጉሣውያን ቤተሰብ የምትመረጥ ድንግል ልጃገረድ ናት። የከተማው ሕዝብ መሥዋዕት ያለበትን ቅል በራሷ ተሸክማ፣ ከላይ በጨርቅ ተሸፍና፣ ከቤተ መንግሥት እስከ ወንዙ በእግሯ ትሄዳለች። እንዳትደናቀፍ ሁሉም ይጨነቃል። በአጠገባችን ስታልፍ ጫጫታው ድንገት ቀነሰ። ጎኔ የቆሙ እናት እጃቸውን በራሳቸው ዙሪያ አዙረው ወደ ቅሉ አቅጣጫ ጣታቸውን አጮሁ። ችግራቸውን አራግፈው መስጠታቸው ነበር። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ወንዙ የሚያልፍበት ደን 75 ሄክታር ያህል ነው። ዩኔስኮ በ2005 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ደኑ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሱዛን ዌንገር የምትባል ኦስትሪያዊት ሠዓሊ በ1950 ናይጄሪያ ገብታ፣ ከአካባቢው የእጅ ባለሙያዎች ጋር ቤተ አምልኮዎቹንና ሐውልቶቹን መልሳ አቆመች። እዚያው ኦሾግቦ ኖራ በ2009 አረፈች። ከተቻለህ ከበዓሉ ቀን ሌላ፣ ጸጥ ባለ ቀን ተመለስና ደኑን ለብቻው እየው።

ጥያቄ፦ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ላይ መገኘት ኃጢአት አይሆንብኝም?

ይህን ብዙዎቻችሁ ጠይቃችኋል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ። የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። እኔ ያደረግኩትን ግን ልንገርሽ። ዳር ቆሜ አየሁ። ከወንዙ አልጠጣሁም፣ ምንም አላፈሰስኩም። ማንም አላስገደደኝም። አብዛኛው ዮሩባ ዛሬ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም መኖራቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ “እኔ አልሳተፍም፣ ግን በአክብሮት እመለከታለሁ” ስትያቸው ይገባቸዋል። የማይወዱት መሳለቅን ነው። “ጣዖት ነው” እያሉ በቪዲዮ የሚስቁ እንግዶች አይቻለሁ፤ ያኔ በጣም አፈርኩ።

ጥያቄ፦ ፍልሰታ ላይ ነው የሚውለው። ጾመኛ ምን ይበላል?

አትራቢም። አካራ አለ፤ ቦሎቄ መሰል ጥራጥሬ ተልጦ፣ ተፈጭቶ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ በዘይት ይጠበሳል። መንገድ ዳር ትኩሱን ይሸጡታል። ዶዶ የሚሉት የተጠበሰ የሙዝ ዓይነትም አለ። ሞይን ሞይን የሚሉትን፣ በእንፋሎት የሚበስለውን የጥራጥሬ ምግብ ግን ጠይቂ፤ እንቁላል ወይም ዓሣ ይገባበታል። ሾርባዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ ወይም ዓሣ አለባቸው።

ጾሙ ካለቀ በኋላ ኢባዳን ከተማ ሄደሽ አማላ ብዪ። ከቦዬ ዱቄት የሚሠራ ጥቁር ቡኒ ገንፎ ነው። ኤዌዱ በሚባል ቅጠልና ግቤጊሪ በሚባል የጥራጥሬ ወጥ ይቀርባል። በቀኝ እጅ ነው የሚበላው፤ ለእኛ ችግር የለውም። ቃሪያቸው ግን ሚጥሚጣ ለለመደም ያስለቅሳል።

ጥያቄ፦ ቋንቋ አልችልም። ቢያንስ ምን ልወቅ?

ሰላምታ። ሌላው ሁሉ እንግሊዝኛ ያልፋል፤ ሰላምታ ግን አያልፍም። ጠዋት “ኤ ካሮ”፣ ከሰዓት “ኤ ካሳን”፣ ማታ “ኤ ካሌ”። መነሻዋ “ኤ” የአክብሮት ናት፤ እኛ “እንደምን አደሩ” ስንል እንደምናደርገው። ለእኩያ ትቀራለች፣ ለታላቅ አትቀርም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስታገኝ “ኤ ኩ ኢሼ” በል፤ “በርቱ” እንደማለት ነው። ለተቀመጠ ሰው፣ ከመንገድ ለመጣ ሰው፣ ለሁሉም የየራሱ “ኤ ኩ” አለው።

ወንድ ልጅ ለታላቆች በደረቱ ይደፋል፣ ሴት ልጅ ትንበረከካለች። ከእንግዳ ያን ሁሉ አይጠብቁም። ጎንበስ ማለት ይበቃል፤ ግን ጎንበስ በሉ። እኔ የመጀመሪያ ወር ቆሜ እጄን እየዘረጋሁ ሰላም እል ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጎን ወስዳ ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ስሜን ጠርተው ያወሩኝ ጀመር።

ጥያቄ፦ ሌጎስ እንደሚወራው ያስፈራል?

ያደክማል። ዋናው ችግር ትራፊኩ ነው። ከደሴቶቹ ወደ ዋናው ምድር የሚያሻግረው ረጅም ድልድይ 11.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ በመውጫና መግቢያ ሰዓት ግማሽ ቀንህን ሊበላ ይችላል። በአንድ ቀን ሁለት ሰፈር ብቻ ያዝ።

ዳንፎ የሚባሉትን ጥቁር መስመር ያላቸው ቢጫ ሚኒባሶች በቀን አንዴ ሞክር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው አይጠፋውም፤ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። “ወራጅ አለ” ማለት “ኦዋ” ነው። ዝርዝር ያዝ። ረዳቱ መልስ ሲያጣ አንዱን ብር ለሁለት ተሳፋሪ ሰጥቶ “ተካፈሉ” ብሎ ይሄዳል፤ ከማታውቀው ሰው ጋር አስፋልት ዳር ዝርዝር ስትፈልግ ትቆያለህ። ማታ ግን በስልክ የምትጠራውን ታክሲ ተጠቀም። ወደ ኢባዳን ከሆነ ባቡር አለ፤ በ2021 የተከፈተ ነው፣ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ ዱባይ አብራኝ የምትሠራ ዮሩባ ጓደኛዬ ለሰርጓ ሌጎስ ጠርታኛለች። ምን ልልበስ?

እንኳን ደስ አለሽ! አሶ ኤቢውን ጠይቂያት። ቤተሰብና ወዳጅ አንድ ዓይነት ጨርቅ ገዝቶ ያሰፋል። አስቀድመሽ ልኬትሽን ላኪላት። የራስ ጥምጥሙን፣ ጌሌውን፣ የሚያስር ባለሙያ እዚያው አለ፤ ራስሽ አትሞክሪው።

ሙሽሮች ሲጨፍሩ እንግዳ ብር ይበትንባቸዋል። እኛ አዝማሪ ግንባር ላይ እንደምንለጥፈው ነው። ነገር ግን ናይራን፣ የናይጄሪያን ገንዘብ፣ መበተንና መርገጥ በ2007ቱ የማዕከላዊ ባንክ ሕግ ያስቀጣል፤ በ2024 የታሰሩ ታዋቂ ሰዎችም አሉ። በፖስታ አድርገሽ ስጫት።

ጥያቄ፦ “የሚናገር ከበሮ” የሚሉት እውነት ይናገራል?

ይናገራል። ዮሩባ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ነው። “ኦኮ” የሚለው ቃል እንደ አጠራሩ ባል፣ መቆፈሪያ ወይም መኪና ይሆናል። ከበሮው ወገቡ ቀጭን ነው፤ ዙሪያውን ጠፍር ተወጥሮበታል። መቺው በብብቱ ሲጫነው ድምፁ ይወጣል፣ ሲለቀው ይወርዳል። በዚያ የሰውን ስም፣ የአያቱን ውዳሴ፣ ምሳሌያዊ አነጋገር ይመታል። አንድ ሰርግ ላይ ከበሮ መቺው አንድ አዛውንት ፊት ቆሞ መታ። ሰውየው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። “ምን አለ?” ብዬ ጠየቅሁ። “የአባታቸውን ስም ጠራ” አሉኝ።

ጥያቄ፦ ለሴት የተከለከለ ነገር አለ?

አለ። ኦሮ የሚባለው፣ ወንዶች ብቻ የሚያካሂዱት ባህላዊ ሥርዓት በሚካሄድበት ከተማ ሴት ከቤት አትወጣም። አስቀድሞ ይነገራል፤ ያረፍሽበት ቤት ሰዎች የሚሉሽን ስሚ። ኤጉንጉን የሚባሉት፣ የሞቱ አያቶችን የሚወክሉ ጭምብለኞች ሲያልፉም ጨርቃቸውን አትንኪ። ይህኛው ለወንዶቹም ነው።

ጥያቄ፦ ጤናስ?

የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋል፤ ያለሱ እንዳትሄዱ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ወባው ቀልድ አይደለም። መከላከያ መድኃኒት ሐኪም ያዝላችሁ፣ አጎበር ያዙ። አንድ ጊዜ ቸል ብዬ አሥር ቀን ተኝቻለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ይበቃል?

አሥር። ሦስት ቀን ሌጎስ፣ ሁለት ቀን አቤኦኩታ፣ አንድ ኢባዳን፣ የቀረውን ኦሾግቦና ዮሩባዎች መነሻችን የሚሏት ኢሌ-ኢፌ። አቤኦኩታ ላይ ኦሉሞ ዓለት ላይ ውጡ፤ ከዚያ ኢቶኩ ገበያ ወርዳችሁ አድሬ ግዙ፤ በኢንዲጎ የሚነከር ጨርቅ ነው። ሻጯን መጀመሪያ “ኤ ኩ ኢሼ” በሏት፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ጠይቁ።