የበግ ጠጉሩ ምንጣፍ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ አማቴ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ አንድ ማዳበሪያ የበግ ጠጉር ላኩልኝ። ጥጥ መፍተል ከእናቴ ተምሬያለሁ፣ ጠጉር ግን ነክቼም አላውቅ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ጊዜ ግማሹን በፈላ ውሃና በኦሞ ዘፍዝፌ እንደ ጂንስ ፈተግኩት፣ ከዛ ቧንቧ ስር አለቀለቅኩት። ሲደርቅ ተጣብቆ ቁጭ! የቀረውን እንዴት ላድርገው? ጠጉር መፍቻ ደጋንም የለኝም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ የተጣበቀው አይመለስም፣ በመቀስ ቆርጠሽ ጫማ ውስጥ አንጥፊው፣ ለክረምት ይሞቃል። ጠጉር ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲፈተግ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ በዛ ላይ ከፈላ ውሃ ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ቧንቧ ከተሽው አለቀ። ኦሞ ራሱ ለጠጉር ከባድ ነው።

የቀረውን ሸራ ላይ ዘርግፊውና የጭራና የሆድ አካባቢውን፣ በጠጥና አሜኬላ የያዘውን አውጥተሽ ጣይ፣ አይቆጭሽ። የመንዝ በግ ላዩ ረጅም ሻካራ፣ ስሩ አጭር ለስላሳ ነው፣ ጊዜ ካለሽ ለያይተሽ ያዢው። ከዛ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድሪው። ውሃው ቡና መስሎ ይወጣል፣ ጎመኑ ስር ድፊው፣ ለተክል የሚሆን ፖታሲየም አለው።

የጠጉሩ ቅባት ግን በቀዝቃዛ ንቅንቅ አይልም፣ የሚቀልጠው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ 60 ዲግሪ ገደማ፣ እጅሽ የማይችለው ውሃ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረሽ ጠጉሩን ሽንኩርት በሚመጣበት መረብ አድርገሽ ንከሪው። በእንጨት ወደ ታች ጫን በቃ፣ ማሸት የለም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ውሃው ሳይቀዘቅዝ አውጪው፣ ከቀዘቀዘ ቅባቱ ተመልሶ ይለጠፍበታል። ሁለቴ እንዲህ አድርገሽ፣ ማለቅለቂያውም በዛው ሙቀት ይሁን፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚውና ጥላ ላይ አስጪው። ትንሽ ቅባት ቢቀርበት እንደውም ለእጅሽ ጥሩ ነው።

ደጋን ለብዙ ጠጉር ነው፣ የጅማቱ ንዝረት ነው ጠጉሩን የሚፈታው። ላንቺ በጣት ማባዘት ይበቃሻል፣ ከሰለቸሽ የሽቦ ጥርስ ያላቸው ሁለት የውሻ ብሩሾች ገዝተሽ በመሃላቸው አበጥሪው (ሳቂብኝ፣ ግን ይሰራል)። አመልማሎውን (ለመፍተል የሚጠቀለለውን) እንደ ጥጥ አታጥብቂው፣ ላላ ይበል። የጥጥ እንዝርትሽም ይቀልልብሻል፣ ከበድ ያለ ፈልጊ። ጠጉር ከጥጥ ስለሚረዝም ብዙ ማክረር አይፈልግም፣ ስትስቢው ተንሸራቶ ከተበጠሰ ብቻ ጨምሪ።

በይ አሁን አንድ እፍኝ ብቻ አጥበሽ ፍተይ፣ ካማረልሽ ማዳበሪያውን ትቀጥያለሽ።