ፊዚካል ሞዴሊንግ፦ ሃርድዌር ወይስ ሶፍትዌር ሲንተሳይዘር? ጥያቄና መልስ

ጠይቁ፣ እመልሳለሁ። ፊዚካል ሞዴሊንግ ማለት መሣሪያው ድምፅ የሚፈጥርበትን መንገድ በስሌት መምሰል ነው፤ ስሌቱ ራሱን በቻለ ዕቃ (ሃርድዌር) ወይም ኮምፒውተር ላይ ባለ ፕሮግራም (ሶፍትዌር) ይሠራል። አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልበል፦ የዋሽንት ሞዴል በኪቦርድ ብቻ ሞክራችሁ «ድምፁ ደረቅ ነው» እንዳትሉኝ።

ጥ፦ የቱ ይሻላል?

መ፦ ለየትኛው ድምፅ? በምን ልትጫወተው? ይህን ይዘህ ተመለስ።

ጥ፦ እኔ ለሳክስፎን ነው የምፈልገው። ያማሃ ቪኤል1 የተባለውን ሃርድዌር ሲንተሳይዘር የሚተካ ሶፍትዌር የለም ይባላል፤ እውነት ነው?

መ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ቪኤል1 በ1994 ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው ሁለት ድምፅ ብቻ ነበር። ውስጡ ያለው ስሌት ነው፤ ጁሊየስ ስሚዝ ስታንፎርድ ላይ ያዳበረው፣ ዌቭጋይድ የሚባል ዘዴ። ቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው ሞገድ በዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ በሚመልስ መስመር) ይተካል፤ አፍ ላይ ያለው ሸምበቆ ደግሞ ትንፋሽህ እየገፋው የሚከፈትና የሚዘጋ በር ሆኖ ይሰላል። ትንፋሽህን ስትቀንስ ድምፁ ማነስ ብቻ አይደለም፣ ቀለሙም ይለወጣል፤ ሊጠፋ ሲል ያንገራግራል። ይህን ስሌት ዛሬ ተራ ላፕቶፕም ይችለዋል፤ ስዋም የተባለውን ሶፍትዌር ስማ። ታዲያ ቪኤል1 ለምን ሕያው መሰለ? ሰዎች በብሬዝ ኮንትሮለር (ትንፋሽን ለሲንተሳይዘሩ ትእዛዝ በሚያደርግ መሣሪያ) እየነፉ ስለተጫወቱት ነዋ! ሶፍትዌሩን ግን በኪቦርድ ይሞክሩና... ብያለሁ።

ጥ፦ ለፒያኖስ?

መ፦ ፒያኖቴክ የሚባለው ሶፍትዌር። ቀጥሉ።

ሌላ አባል፦ የሃርድዌር ድምፅ ግን ሙቀት አለው።

ሦስተኛ አባል፦ የምን ሙቀት? ያም ዲጂታል ቺፕ ነው።

ሌላ አባል፦ ላፕቶፕህ መድረክ ላይ ቀጥ ሲል እንነጋገራለን።

ሦስተኛ አባል፦ ያንተ የ30 ዓመት ዕቃ ሲበላሽስ መለዋወጫ ከየት ልታመጣ ነው?

መ፦ ሁለታችሁም ተዉን። ሪንግስ የሚባለው የዩሮራክ ሞጁል (ከሌሎች ጋር የሚገጣጠም የሲንተሳይዘር ክፍል፣ ሃርድዌር) ኮዱ ክፍት ነው፤ ያው ኮድ ቪሲቪ ራክ የተባለው ሶፍትዌር ውስጥም ይሠራል። ሙቀቱ የትኛው ላይ ቀረ?

ጥ፦ የሶፍትዌር ሌተንሲ (ከነካህ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ያለው መዘግየት) አያስቸግርም?

መ፦ በ44,100 ኸርዝ (በሰከንድ 44,100 ሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ልኬት)፣ 256 ሳምፕል ባፈር (ድምፁ የሚጠራቀምበት ቋት) 5.8 ሚሊሰከንድ ነው፤ 64 ብታደርገው 1.5። አስላው።

ጥ፦ የክር ድምፅ ራሴ ኮድ ጽፌ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መ፦ ተባረክ! ካርፕለስና ስትሮንግ በ1983 ካሳተሙት ጀምር። አጭር ዲሌይ በኖይዝ (በዘፈቀደ ቁጥሮች) ትሞላለህ፤ በዞረ ቁጥር ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሳምፕሎች አማካይ ወስደህ መልሰህ ታስገባለህ። በቃ፣ የተነካ ክር ሰማህ፤ ብሩህ ይጀምርና እየደበዘዘ ይሞታል። ወጥመዱ ቅኝቱ ላይ ነው። በ44,100፣ ለ440 ኸርዝ ዙሩ 100.23 ሳምፕል መሆን አለበት። 100 ብትለው 441 ይሆናል፤ ይታለፋል። 3,000 ኸርዝ ግን 14.7 ይፈልጋል፤ 15 ካልከው 2,940 ላይ ትወድቃለህ፣ ጆሮም ይቅር አይልህም። ክፍልፋዩን በኦልፓስ ፊልተር (ድምፁን ሳይቀንስ በሚያዘገይ ማጣሪያ) ሙላው። አማካዩ ራሱ ግማሽ ሳምፕል እንደሚያዘገይም አትርሳ፤ እኔ ይህን ረስቼ አንድ ሌሊት ሙሉ ስህተት ስፈልግ አድሬያለሁ።

ጥ፦ ይቅርታ አሁን ገባሁ፤ ሃርድዌር ይሻላል ወይስ ሶፍትዌር?

መ፦ ከላይ አንብብ።

ጥ፦ ያገለገለ ቪኤል70-ኤም (የቪኤል1 ዘመድ የሆነ የያማሃ ሃርድዌር) አግኝቻለሁ፤ ምኑን ልፈትሽ?

መ፦ የብሬዝ ኮንትሮለር መሰኪያውን። ያ ካልሠራ ለሻጩ ተውለት።