ባትሪው ሳይለካ ሞቷል አትበሉ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ለምትጀምሩ ልጆቼ

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት ጋራዥ የሚደርሰው ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ያለ መኪናው ነው የሚመጣው። መኪናው ደጁ ላይ ቀርቷል። ጋቢውን እንደተከናነበ «ባትሪው ሞቶብኛል መሰለኝ፣ እስቲ ናና እየው» ይላል። እናንተም የመሣሪያ ሣጥናችሁን አንጠልጥላችሁ ትከተላላችሁ። ልጆቼ፣ የምለምናችሁ እዚህች ላይ ነው። ሰውዬው የነገራችሁ ስጋቱን እንጂ የመኪናውን በሽታ አይደለም። ሳትለኩ «አዲስ ባትሪ ግዛ» ያላችሁ እንደሆነ በሰው ገንዘብ እየገመታችሁ ነው።

መጀመሪያ ጆሯችሁን አውሱ። ቁልፉን ባለቤቱ ያዙር፤ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ አዳምጡ። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ሞተሩን በጉልበት እያዞረው መኪናው አልነሳ ካለ ባትሪውን ተዉት። ቤንዚን ከሆነ የካንዴላውን እሳትና ነዳጁን፣ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ነዳጁንና ካንዴሌታዎቹን (ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን ውስጡን የሚያሞቁትን) ነው የምታዩት። ጠጠጠጠ የሚል ፈጣን ድምፅ ከሰማችሁ ኃይሉ የሞተሪኖውን ማግኔት ለመሳብ በቅቷል፣ ሞተሩን ለማዞር ግን አልበቃም፤ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ አንድ ቦታ ማሰሪያ ላልቷል። አንዴ ብቻ «ቋ» ብሎ ዝም ካለና የፊት መብራቱ ካልደበዘዘ ሞተሪኖውን ጠርጥሩ፣ ውስጡ ላለው ተሽከርካሪ ክፍል ኃይል የሚያቀብለው ካርቦን አልቆ ይሆናል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ፣ የክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) መብራት ግን ከበራ፣ ፊውዙን፣ ሪሌውን (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚከፍተውን ማብሪያ) እና የቁልፉን ስዊች ተከታትላችሁ እዩ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ መሆኑን የሚያውቀውን ስዊች አትርሱ።

በሰሜን ሸዋ ለሚሠራ ሰው አገሩ ራሱ ሊያስተው ይችላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ጣርማበር አለ። 100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ መኪናው ከቆላ ሐሩር ወጥቶ ውርጭ ላይ ያድራል። ሰው ሁሉ ባትሪ የሚገድለው ብርድ ይመስለዋል። ይበልጥ የሚጎዳው ሙቀቱ ነው፤ ውስጡ ያለውን ውሃ ያተነዋል፣ የእርሳሱን ፍርግርግ ቶሎ ያስበላዋል። ቆላ ላይ ግን የሞተር ዘይቱ ስለሚቀጥን ሞተሩ በትንሽ ጉልበት ይዞራልና ጉዳቱ ተሸፍኖ ይቆያል። ደብረ ብርሃን ሲያድር ዘይቱ ይወፍራል፣ ሞተሪኖው የሚጠይቀው ኃይል ይጨምራል፣ ባትሪው ደግሞ በብርዱ የሚሰጠው ይቀንሳል። ሾፌሩ «ትናንት ሮቢት ላይ በአንድ ቁልፍ ነው የተነሳው» ቢላችሁ አልዋሸም። ምን ዓይነት ዘይት እንደሞላም ጠይቁት፤ ለቆላ የተመረጠ ወፍራም ዘይት ለደጋ ጠዋት ይከብዳል።

አሁን መልቲሜትሩን፣ ቮልትና አምፔር የሚለካውን መሣሪያ፣ አውጡ። አድሮ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሩቡ ያህል ጎድሏል፤ ወደ 12 የወረደ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ይህ ቁጥር ብቻውን ግን አያሳምናችሁ። ያረጀ ባትሪ ሥራ ሳይበዛበት 12.6 ያሳይና ሞተሪኖው ሲጠይቀው ይወድቃል። ባለቤቱ ቁልፉን ሲያዞር ንባቡን ተከታተሉ፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ያኔም ቢሆን ቻርጅ አድርጋችሁ እንደገና ፈትኑት። እንደ አይሱዙ ባሉ ባለ 24 ቮልት መኪኖች ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለኩ፤ የአንዱ ድካም በሌላው ይሸፈናል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አይሠራውም፤ እኔ ደግሞ ባለሙያውን የምለየው በዚህ ነው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ኔጌቲቩ እርሳስ (ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪው ጉጥ) ላይ፣ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ አድርጉ። ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ። ቁልፉ ሲዞር ከ0.2 ቮልት በላይ ካነበባችሁ ማሳው፣ ማለትም ኃይሉ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር፣ ተበላሽቷል። በፖዘቲቩም በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው እንዲሁ ለኩ፣ ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም። ይህን በኦም መለኪያ፣ ገመዱ ኃይሉን ምን ያህል እንደሚያግድ በሚለካው፣ አታገኙትም። ክሮቹ ተበልተው ጥቂት ብቻ የቀሩት ገመድ በኦም ሲለካ ደህና ይመስላል፣ መሣሪያው የሚልክበት ኃይል ኢምንት ነውና። ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይስባል።

ከቀወት ሽንኩርት የሚጭን አንድ አይሱዙ አስታውሳለሁ። ሌላ ቦታ ባትሪዎቹ ሁለት ጊዜ ተቀይረውለታል፣ ሞተሪኖውም ተፈቶ ተሠርቷል፤ ጠዋት ግን አይነሳም። ለማስነሳት በተሞከረ ቁጥር የነዳጅ መስጫው የብረት ገመድ ይግል ነበር። ኃይሉ ደህና መመለሻ አጥቶ በማይገባው መንገድ ይመለስ ነበር ማለት ነው። ከሞተሩ ወደ ቻሲው የሚሄደው ማሳ ሲታይ፣ መኪናው ቀለም ሲቀባ ማሰሪያው ቀለሙ ላይ ነበር የታሰረው። ቀለሙ እስከ ብረቱ ተፋቀ፣ ማሰሪያው ጠብቆ ግሪስ ተቀባ፣ መኪናው ተነሳ። ያ ሾፌር ለአራት ባትሪ የከፈለው ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል። የልጆቹ ጉርሻ ነበር።

ማታ ደህና የነበረ ባትሪ ጠዋት ባዶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት እየሰጠ መሆኑን አረጋግጡ። ከሰጠ፣ ሌሊት የሚጠባ ነገር አለ። አምፔር መለኪያውን በኔጌቲቩ መስመር መሐል አስገቡ፣ በሮቹን ዘግታችሁ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። በቤት መኪና ከ50 ሚሊአምፔር ብዙ ካለፈ ንባቡ እስኪወርድ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። በኋላ የተገጠመ ቴፕና አላርም ቀድሞ ይጠረጠራል። መለኪያው እንደገባ ግን ሞተር እንዳታስነሱ፤ ይቃጠላል።

የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ አትተኩ። ሾፌሩ ቸኩያለሁ ቢል፣ ቢለምናችሁም፣ አታድርጉት። ፊውዙ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው።

የለካችሁትን ለባለቤቱ አሳዩት። ጋሼም ይሁኑ እትዬ፣ ኤሌክትሪክ ባያውቁም ቁጥር ያነባሉ። የቀየራችሁትን አሮጌ ዕቃ በእጃቸው ስጡ። ሥራው ማሰሪያ መጥረግ ብቻ ከነበረ የማሰሪያ መጥረጊያ አስከፍሉ።

መንገድ ላይ ለሚቀሩት ሁለት ነገር ንገሩልኝ። አንደኛ፣ ከባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ለማስነሻ በገመድ የባትሪ ኃይል አይስጡ፤ ኮምፒውተሩ ሊቃጠል ይችላል። ከባለ 12 ሲሰጡም የመጨረሻው ኔጌቲቭ ገመድ ከባትሪው ርቆ ሞተሩ ብረት ላይ ይታሰር፤ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ሁለተኛው ያስፈራኛል። ጣርማበር ላይ ወይም ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ሞተሩ የጠፋ መኪና ቁልቁል ለቅቀው በማርሽ ሊያስነሱ የሚሞክሩ አሉ። ሞተር ሳይሠራ የፍሬን አጋዡ ጥቂት ረገጣ ብቻ ነው የሚቆየው፣ ከዚያ ፔዳሉ ይደርቃል፤ መሪውም ይከብዳል። አውቶማቲክ ደግሞ ቢንከባለልም አይነሳም። ደንበኛችሁ «ቁልቁለቱ ያስነሳልኛል» ብሎ ሊሄድ ከሆነ ዝም አትበሉት። ገንዘብ ባይኖረውም ባትሪውን ቻርጅ አድርጋችሁ አሰናብቱት፣ ሒሳቡን ሲመለስ ይከፍላችኋል።