ጂቲኤ 6 ሲመጣ ፒኤስ 4ን መሸጥ ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «ሐዋሳ አቶቴ ላይ ጌም ቤት አለኝ፤ ጂቲኤ 6 የሚባለው ጌም ሲወጣ ሰው ሁሉ ፒኤስ 5 ይፈልጋል ይባላል፤ ሁለቱን ፒኤስ 4 ሸጬ አንድ ፒኤስ 5 ልግዛ ወይ?» ላልከው፦ አትሽጥ።

አንድ ጌም ብቻውን ማሽን ማሸጥ መቻሉ እውነት ነው። የኒንቴንዶ ጌም ማሽን ስዊች በማርች 2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ በዚያው ወር 906 ሺህ ማሽን፣ ዜልዳ የተባለው የስዊች ጌም ደግሞ 925 ሺህ ተሸጧል። ጌሙ ከማሽኑ በለጠ!

ግን ማሪዮ ካርት 8ን እየው። በ2014 ከስዊች በፊት ለነበረው የኒንቴንዶ ማሽን ለዊ ዩ ወጥቶ ወደ 8.5 ሚሊዮን ተሸጠ፤ ዊ ዩ ግን 14 ሚሊዮን እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ያው ጌም በ2017 ስዊች ላይ ሲመጣ ከ60 ሚሊዮን አለፈ። ዊ ዩን ብዙ ሰው የድሮው ዊ ተጨማሪ ዕቃ ይመስለው ነበር፤ ሌሎች ጌም ሰሪዎችም ቶሎ ጥለውት ሄዱ። ተከታታይ ጌም የማይመጣለትን ማሽን አንድ ምርጥ ጌም አያድነውም።

እኛ ሐዋሳ ወንበር የሚሞላው ፊፋ ነው፤ ፊፋ ደግሞ አሮጌ ማሽን ቶሎ አይተውም። በ2000 የወጣው ፒኤስ 2 እስከ ፊፋ 14፣ ፒኤስ 3 እስከ ፊፋ 19 ደርሶታል። ኤፍሲ 26 እንኳ (የፊፋ ጌም አሁን ስሙ ኤፍሲ ነው) ለፒኤስ 4 አለ። ስለዚህ ፊፋ ደንበኛህን ወደ አዲስ ማሽን አይገፋም።

ጂቲኤ 6 ለፒኤስ 4 አልተባለም፤ የተነገረው ለፒኤስ 5ና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው። ማሽን የሚያሸጠው እንዲህ ያለው ነው፤ ግን በዋናነት ለቤቱ ገዢ። የጂቲኤን ታሪክ አንድ ሰው ብቻውን ለሰዓታት ይጫወተዋል። ፊፋ ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ጨዋታው ቶሎ ያልቃል፣ ተሸናፊው ተነስቶ ቀጣዩ ይገባል፤ ገቢህ እዚያ ነው።

ፒኤስ 5 ከጨመርክ ዲስክ ማስገቢያ ያለውን ምረጥ። ዲጂታሉ ማስገቢያ ካልተጨመረለት ያለህን ዲስክ አይቀበልም፣ ጌሙን ሁሉ በኢንተርኔት ማውረድ ይጠበቅብሃል፤ አንዳንዱ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው። የፒኤስ 4 ዲስክ ይሠራል፣ የፒኤስ 3 አይሠራም። የፒኤስ 4 ጆይስቲክ ደግሞ ፒኤስ 5 ላይ የሚያጫውተው የፒኤስ 4 ጌሞችን ብቻ ነው። ኤፍሲን በፒኤስ 5 ቅጂው ልታጫውት ካሰብክ የሁለተኛ ጆይስቲክ ዋጋ ከማሽኑ ጋር አብረህ አስላ።